የእህቴ 50 ዶላር የት ደረሰ? አንድ እርዳታ ድርጅት በሒሳቡ ሲመዘን

ታናሽ እህቴ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ሌሊት አዛውንት ስትንከባከብ ታድራለች። ጠዋት ቤቷ ስትገባ እዚህ ደሴ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ትደውልልኛለች። የዛሬ አምስት ወር ገደማ ስትደውል ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።

«እታለም፣ አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ። ለወሎ ሕዝብ ብዬ በየወሩ 50 ዶላር እሰጣለሁ። አራት ዓመት ሞላኝ። እስኪ የት እንደሚደርስ እዪልኝ» አለችኝ።

50 ዶላር በ48 ወር 2,400 ዶላር ነው። ስንት ሌሊት ቆማ እንዳደረችበት ስለማውቅ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

እኔ 27 ዓመት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ተራራ ወርጄ፣ ማታ ሐረጎን ወጥቼ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችን ሴቶች ቅሬ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እኛ ጋ የወሩ መጀመሪያ እሑድ ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ብርጭቆ ተሰበረ፣ ማን ሰበረ። ማንበብ የማትችለዋም ሰምታ ትጠይቃለች። ከዚህ ልማድ ስለመጣሁ የእርዳታ ድርጅቱን የመዘንኩት በዚሁ ሚዛን ነው።

ስሙን አልጽፍም። ከጥያቄዎቼ ገና ያልተመለሱ አሉ፤ መልስ ሳይሰጥ የሰው ስም ማንሳት ልክ አይመስለኝም። ሁለት ክንፍ ያለው ድርጅት ነው። አንዱ አሜሪካ ተመዝግቦ ገንዘብ የሚያሰባስበው ነው። ሌላው እዚህ ተመዝግቦ በደቡብ ወሎ ምንጭ የሚያጎለብተውና ትምህርት ቤት የሚያድሰው ነው።

መጀመሪያ የአሜሪካውን ያዝኩ። የሚገርማችሁ፣ ከደሴ ሆኖ የአሜሪካ ድርጅት ሒሳብ ማየት እዚህ ያለውን ከማየት ይቀላል። እዚያ ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ቅጽ ሞልቶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ ያስገባል። ቅጹ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንም ሰው ሄዶ የሦስት ዓመቱን አሳዩኝ ቢል ድርጅቱ የማሳየት ግዴታ አለበት። የእህቴ ልጅ ግን መሄድም አላስፈለገው። ፕሮፐብሊካ የሚባለው የዜና ድርጅት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ከሚያስቀምጠው አውርዶ በቴሌግራም ላከልኝ። ስልክ ላይ ቁጥር ማንበብ ዓይኔ እምቢ ስላለ የ2023ቱን ፒያሳ ሄጄ አሳተምኩት። 46 ገጽ፣ ገጹ በ5 ብር፣ 230 ብር። ደረሰኝ ተቀብያለሁ።

ሁለት ቀን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። ቅጹ ብልህ ነው። ክፍል 9 ላይ ወጪው በሦስት ዓምድ ተለይቶ እንዲጻፍ ያደርጋል፦ ለፕሮግራም፣ ለአስተዳደር፣ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ። የእኛው ድርጅት በ2023፣ ወደ ሺህ አጠጋግቼው፣ በጠቅላላው 412 ሺህ ዶላር አውጥቷል። 338 ሺው ለፕሮግራም ነው። 41 ሺው ለአስተዳደር፣ 33 ሺው ለገንዘብ ማሰባሰቢያ። 338ን ለ412 ስታካፍሉት ከመቶ 82 ይመጣል። ለእህቴ የሚልኩላት ወረቀት ላይም «ከምትሰጪው አንድ ዶላር 82 ሳንቲሙ ለፕሮግራም ይውላል» ይላል። ልክ ነው፤ አልዋሹም።

ግን እህቴ የጠየቀችኝ ስንቱ ለፕሮግራም እንደዋለ አልነበረም። ስንቱ ወሎ እንደደረሰ ነው።

ይኼን ለማወቅ ሼዱል ኤፍ የሚባለው አባሪ ላይ መሄድ ያስፈልጋል። ከአገር ውጪ የተሠራ ሥራና የተላከ ገንዘብ የሚጻፈው እዚያ ነው። ቅጹ አገር በስም አይጠይቅም፤ አካባቢ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ «ከሰሐራ በታች ያለ አፍሪካ» ይላል እንጂ ወሎ የሚል የለም። እዚያ የተጻፈው 214 ሺህ ዶላር ነው። ለፕሮግራም ከተባለው 338 ሺህ ላይ ሲቀነስ 124 ሺህ ይቀራል። ፕሮግራም ተብሎ ተመዝግቧል፤ ባሕር ግን አልተሻገረም።

ወደ ክፍል 9 ተመልሼ በፕሮግራሙ ዓምድ መስመር በመስመር ወረድኩ። እዚያው አሜሪካ የተከፈለ ደመወዝ 71 ሺህ። የጉዞ ወጪ 28 ሺህ። የስብሰባና የባለሙያ ክፍያ 25 ሺህ። ድምሩ 124 ሺህ፤ ዶላር አልጎደለም። ያው የተሰረቀ ነገር የለም። ፕሮጀክት የሚከታተል ሰው ደመወዙ ፕሮግራም ላይ ቢመዘገብ ሕጉም ይፈቅዳል። ደግሞ ሁሉም ፊት ለፊት ተጽፏል። ነገር ግን እህቴ ከላከችው አንድ ዶላር ውስጥ ወደዚህ የመጣው 52 ሳንቲም ነው። 82 እና 52 ሁለቱም እውነት ናቸው። እሷ የምታውቀው ግን አንዱን ብቻ ነበር።

ስነግራት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ዳይሬክተሩ ስንት ይወስዳል?» አለችኝ። እሱም አለ፤ ክፍል 7 ላይ የኃላፊዎች ክፍያ በስም ይጻፋል። 68 ሺህ ዶላር። እኔ በብር መትቼ ደንግጬ ነበር። እሷ ግን የዚያን አገር የቤት ኪራይ ስለምታውቅ አልከበዳትም። «ይኼ እንኳ ደህና ነው» አለች። በሰው አገር ደመወዝ ላይ ከእኔ ይልቅ የእሷ ፍርድ ይበልጣል፤ ተውኩት።

የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ክፍል 6 ስለ አስተዳደሩ ይጠይቃል። ድምፅ የሚሰጡ የቦርድ አባላት ስንት ናቸው? ከእነሱስ ገለልተኛ የሆኑት ስንት ናቸው? ከኃላፊዎቹ ውስጥ በሥጋ፣ በትዳር ወይም በንግድ የተዛመዱ አሉ? የቦርድ አባላት 5፣ ገለልተኛ 2፣ ዝምድና «አዎ» ይላል። ማብራሪያ የሚጻፍበት ሼዱል ኦ ላይ የቦርዱ ሰብሳቢና ዳይሬክተሩ ባልና ሚስት መሆናቸው ተጽፏል። መጻፋቸውን አመሰግናለሁ። ግን እኛ ቅሬ ውስጥ የዳኛው ሚስት ሒሳብ ያዥ አትሆንም። ማንንም ስለጠረጠርን አይደለም። አንድ ቀን ሒሳቡ ቢጎድል ማን ማንን ይጠይቃል? ባል ሚስቱን በሰው ፊት ደመወዝሽ በዛ ይላል እንዴ?

እንግዲህ የአሜሪካው ይኼ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችሁ ውጭ አገር ዘመድ አላችሁና። የዓመት ገቢው በአማካይ ከ50 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ድርጅት ሙሉውን ቅጽ አይሞላም። በኢንተርኔት አጭር ማሳወቂያ ብቻ ያስገባል፤ ገቢና ወጪው እዚያ ላይ አይዘረዘርም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደግሞ ቅጹን እንዲያስገቡ አይገደዱም። የእናንተ ዘመድ የሚሰጠው ለእንዲህ ያለው ከሆነ ወረቀት ፍለጋ አትድከሙ። ቀጥታ ሒሳቡን ጠይቁ። ሲሆን ሲሆን ያሳዩዋችኋል፤ ካላሳዩም ያው መልስ ነው። ሌላው፣ የምታዩት ሒሳብ ሁልጊዜ የቆየ ነው። የዓመቱ ሒሳብ ታኅሣሥ ላይ ሲዘጋ ቅጹ የሚገባው በአምስተኛው ወር ነው፤ ማራዘሚያ ከጠየቁ ደግሞ ስድስት ወር ይጨመራል። ስለዚህ ዓምና አልወጣም ብላችሁ ክፉ አትጠርጥሩ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያላስገባ ግን ከግብር ነፃ መሆኑ በራሱ ይሰረዛል። እሱን ማየት ተገቢ ነው።

ቀጥዬ እዚሁ ደሴ ያለው ቢሮ ሄድኩ። ጥበቃው «ሪፖርት ለለጋሽ ነው የሚሰጠው» አለኝ። ለጋሿ እህቴ ናት፣ እኔ ደግሞ ወክያት መጥቻለሁ አልኩት። አስገባኝ። ሒሳብ ሹሙ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ «አብሽሩ እናቴ፣ አወጣልዎታለሁ» አለኝ። በአራተኛው ቀን የ2014፣ የ2015 እና የ2016 የኦዲት ሪፖርት ኮፒ ሰጠኝ። ይኼን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ብዙ ቢሮ ስንት ጊዜ «ነገ ተመለሺ» እንደሚባል የምናውቀው ነው።

የኦዲተሩ አስተያየት ሦስቱም ዓመት ነቀፌታ የሌለበት ነው። ኦዲተሩ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያለው ነው፤ ማኅተሙም ፊርማውም አለ። ብዙ ሰው ግን ይኼን ሲያይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነቀፌታ የለበትም ማለት የቀረበው ሒሳብ ከመዝገቡና ከደንቡ ጋር በዋና ዋናው ይስማማል ማለት ነው። ገንዘቡ ደህና ቦታ ዋለ ማለት አይደለም። እኔ ፋብሪካ እያለሁ ማንም ያልለበሰው የሥራ ልብስ ተገዝቶ ነቀፌታ የሌለበት ኦዲት ወጥቶለታል። ደረሰኙ ነበረ፣ ንብረት ክፍል ገቢ ሆኗል። ኦዲተሩ ምን ይበል?

ከዚያ የማልረሳው ሌሊት መጣ። 214 ሺህ ዶላር በዚያን ጊዜው የባንክ ምንዛሪ፣ በ54 ብር አካባቢ ሲመታ፣ 11.5 ሚሊዮን ብር አለፍ ይላል። የ2015 ኦዲት ላይ ከአሜሪካው የመጣ ተብሎ የተመዘገበው 9.4 ሚሊዮን ነው። ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ጎደለ! እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእህቴ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እንኳንም አልደወልኩ። ጠዋት ቡና እያፈላሁ ገባኝ። የእነሱ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። የእነሱ 2023 ግማሹ በእኛ 2015፣ ግማሹ በ2016 ላይ ነው የሚወድቀው። እኔ ያወዳደርኩት በቆሎን ከማሽላ ነው።

ተመልሼ ወደ ልጁ ሄድኩ። የባንኩን ማስተላለፊያ ማስረጃዎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። በ2023 ውስጥ ስድስት ጊዜ ተልኳል። በየቀናቸው ደረደርኩና በዶላር ደመርኩ። 214 ሺህ፤ ልክ ነው። ያን ቀን ከቢሮው ስወጣ እግሬ ቀለለኝ። ሒሳብ የምታዩ ሰዎች ሆይ፣ ጎደለ ከማለታችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ምንዛሪውንም እዩ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ብርን አልፏል። ስለዚህ የ2017 ኦዲት ሲወጣ ገቢው በብር እጥፍ ሆኖ ቢታያችሁ እርዳታው ጨምሯል ማለት አይደለም፤ ዶላሩ ያው ሊሆን ይችላል።

አሁን በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ። የ2014 ኦዲት ማብራሪያ 14። ደሴ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 በጦርነቱ ተይዛ ነበር። ምን እንደጠፋ ማንም ደሴዬ አይነገረውም። ኮምቦልቻ የነበረው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን መዘረፉን ተመድ ራሱ ተናግሯል። እንዲህ ባለው ጊዜ ሒሳብ የሚያበላሽ ሰው ሁሉንም «በጦርነቱ ጠፋ» ብሎ መዝጋት ይችላል። እነዚህ ሰዎች ግን አላደረጉትም። አንድ ፒካፕ ከነሻንሲ ቁጥሩ። ሁለት ሞተር ሳይክል። ሰባት ኮምፒውተር። 310 ብርድ ልብስ። እያንዳንዱ የተገዛበት ዋጋ፣ እስከዚያ ቀን ያረጀበት ተቀናሽ፣ የቀበሌና የፖሊስ ማስረጃ ቁጥር። ከታች ደግሞ አንድ መስመር አለች፦ «42 ብርድ ልብስ በጥር ወር በጎረቤት ተደብቆ ተገኝቶ ተመልሷል»። ከ310ሩ ላይ ቀንሰውታል። ጎረቤቱ ደብቆ ያተረፈው ብርድ ልብስ ሒሳብ ውስጥ ገባ። እኔ 27 ዓመት ሒሳብ ሠርቼ እንዲህ ያለ መስመር አላየሁም። ማንም የማይቆጥርባቸውን ቆጥረው መለሱ።

እንዲህ ያለ ሰው የጻፈው ሒሳብ ውስጥ ታዲያ ቀጥሎ ያለው ለምን እንዳለ አልገባኝም። የ2015 ኦዲት ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» 740 ሺህ ብር ነው። በ2014 96 ሺህ ነበር። በአንድ ዓመት ከሰባት እጥፍ በላይ አድጎ ማብራሪያ የለውም። ልዩ ልዩን እኔ አውቀዋለሁ። ፋብሪካ ውስጥ መደብ ያልተገኘለት ሁሉ የሚወረወርበት መስመር ነው። ፔቲ ካሽ እዚያ ይገባል፣ የእንግዳ ምሳ እዚያ ይገባል፣ የሚያሳፍርም ነገር እዚያ ይገባል። ልጁን ጠየቅኩት። እሱ ያኔ አልተቀጠረም። «ቫውቸሩን ከመዝገብ ቤት አስፈልጌ አሳይዎታለሁ» ብሏል። እስካሁን አላሳየኝም። ጦርነት ለወሰደው ብርድ ልብስ ሙሉ ገጽ ተጽፎ፣ በሰላም ቀን ለወጣ 740 ሺህ አንድ መስመር ማብራሪያ መጥፋት አልነበረበትም።

ስለ አስተዳደር ወጪ አጠር አድርጌ ልለፍ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለአስተዳደር ከገቢው ከመቶ 20 በላይ አይውልም ይላል። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ጊዜ ከወጪው ከመቶ 30 ነበር። ቀነሰ ማለት ግን ጠበቀ ማለት ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ በወጣው መመሪያ ሥልጠናውም፣ የፕሮጀክት መኪናውም እንደ አስተዳደር ይቆጠር ስለነበር ድርጅቶች ይቸገሩ ነበር። አሁን አስተዳደር የሚባለው የትኛው እንደሆነ አዋጁ ራሱ ይዘረዝራል፦ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ መብራትና ውሃ የመሳሰሉት። የደሴው ቢሮ 17 ከመቶ ላይ ነው። ደህና ነው። ደግሞም ከመቶ 3 የሚል ድርጅት ካያችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ሒሳብ ሹም የሌለው ድርጅት ያን 42 ብርድ ልብስ አይቆጥርም።

በመጨረሻ የቀረኝ ወረቀቱን ትቼ መሄድ ነበር። ሪፖርቱ በ2015 ስድስት ምንጭ ጎለበተ ይላል። አንዱን መረጥኩ፤ ደሴ ዙሪያ ወረዳ ነው። በባጃጅ እስከሚያስኬደው ሄጄ ከዚያ 50 ደቂቃ በእግሬ። ጉልበቴ ለሁለት ቀን ወቅሶኛል።

ምንጩ አለ። ውሃው አለ። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ። ከቧንቧው ሥር ጀሪካን ተሰልፏል። አራት ቧንቧ ካለው ቦኖ ሦስቱ ይወርዳል፤ አራተኛው ተሰብሮ በጨርቅ ታስሯል። የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዧ ወጣት እናት ናት፤ ልጇን አዝላ ነው የምትቆጣጠረው። ለአንድ ጀሪካን 1 ብር ትቀበላለች። ደብተሯን አሳየችኝ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት። በየቀኑ የቤቱ ስምና የጀሪካኑ ብዛት ተጽፏል። የሳምንቱ ድምር ሥር ቀይ መስመር አለ። ገንዘቡን ከሻሽ ውስጥ ፈትታ ቆጠርነው። 2,300 ብር፤ ከደብተሩ ጋር ልክ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ያዥ ፋብሪካችን ቢኖራት ባልኩ።

«ይኼ ምንጭ ስንት እንደፈጀ ታውቃላችሁ?» ብዬ የተሰበሰቡትን ሴቶች ጠየቅኩ። ማንም አያውቅም። ኦዲቱ ላይ 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር እንደሚል ነገርኳቸው። ተያዩ። ከመካከላቸው አንዲት ጠና ያሉ ሴት «ታዲያ የኛ ድንጋይስ ገብቷል?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኩ። 64 አባወራ ለ23 ቀን ድንጋይ ተሸክሟል፣ አሸዋ አቅርቧል፣ ቦይ ቆፍሯል። ያለ ክፍያ። ቁጭ ብዬ ደብተሯ ላይ አሰላሁላቸው። 64 በ23፣ 1,472 የሰው ቀን። በዚያን ጊዜው የቀን ሥራ ዋጋ በ150 ብር ቢታሰብ 220,800 ብር ነው። ኦዲቱ ላይ የለም። የአሜሪካው ፎርም ላይም የለም። ደንቡን አውቃለሁ። ፎርም 990 የጉልበት ልገሳን ገቢ ላይ አይቆጥርም። የእኛ ድርጅቶች የሚከተሉት የሒሳብ ደረጃም በነፃ የተሰጠ ጉልበትን መመዝገብ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ስለዚህ ጥፋት ሠሩ አልልም። ግን አሜሪካዊ ለጋሽ የሰጠው ሳንቲም ድረስ ተጽፎ፣ የእነዚህ ሰዎች ድንጋይ በአንዲት አረፍተ ነገር እንኳ አለመጠቀሱ አንጀቴን በላኝ። ቅጹ ክፍል 3 ላይ ስለ ሥራው በጽሑፍ የሚተረክበት ቦታ አለው። ሁለት መስመር በቂ ነበር።

አለማወቃቸው ደግሞ ዋጋ አስከፍሏል። «አራተኛውን ቧንቧ ለምን አላሠራችሁትም? ገንዘቡ አላችሁ እኮ» አልኳቸው። ከተሰበረ ሁለት ወር ሆኖታል። «የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ሳያዙን ብንነካው ያስጠይቀናል ብለን» አሉኝ። ባለቤቶቹ እነሱ መሆናቸውን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገራቸውም። ስንት እንደፈጀ፣ ከእሱ ውስጥ የእነሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ቢነገራቸው ይኼ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

በ77 የ23 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአሰብ ወደብ የተነሳ የእህል መኪና በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ይገባ ነበር። ቆመን እናያለን። ስንት ኩንታል እንደመጣ፣ ለማን እንደተሰጠ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሰው እየሞተ ማን ይጠይቃል። ዛሬ ግን መጠየቅ ይቻላል። ወረቀቱም አለ።

ስለዚህ ፍርዴ ይኼ ነው። ለለጋሹ ያለው ግልጽነት ጥሩ ነው፤ ከብዙው ይሻላል። የደሴው ቢሮ ሒሳብ አያያዝ ልዩ ልዩዋን ወጪ ካልቆጠርን የሚያስመሰግን ነው። የአሜሪካው ቦርድ ባልና ሚስቱን መለየት አለበት። ወረቀታቸው ላይ 82ን ሲጽፉ 52ንም አብረው ይጻፉ። እርዳታው በስሙ ለሚሰበሰብለት ሕዝብ ያለው ተጠያቂነት ግን ገና አልተጀመረም።

እህቴ «ታዲያ ልቀጥል ወይስ ልተው?» አለችኝ። ቀጥይ አልኳት። ውሃውን ጠጥቼዋለሁ፤ ተይ ማለት አልችልም። ግን ደብዳቤ በስምሽ ጻፊ አልኳት። አብረን ጻፍነው። ሦስት ነገር ነው የጠየቅነው። 124 ሺው ዶላር በዝርዝር ለለጋሾች ይነገር። 740 ሺው ብር ይብራራ። የየምንጩ ሒሳብ፣ የሕዝቡ ድንጋይ ተጨምሮበት፣ በየመንደሩ በቅሬ ቀን ጮክ ተብሎ ይነበብ።

ከአሜሪካ እስካሁን መልስ የለም። የደሴው ልጅ ግን ባለፈው ሳምንት ደውሎ ሦስተኛውን እኛ ራሳችን ልንጀምረው እንችላለን አለኝ። የመጪው ወር መጀመሪያ እሑድ አብረን እንሄዳለን። ጉልበቴን ዘይት እየቀባሁ ነው።

ገንዘብ ያዧ ደግሞ ትናንት ደውላልኝ ነበር። አራተኛው ቧንቧ ተሠርቷል። 1,800 ብር ፈጀ፤ ሻሽ ውስጥ 500 ብርና ከዚያ ወዲህ የገባው ቀርቷል። ደረሰኙን ደብተሩ ላይ በመርፌ ሰፍታዋለች።